የሩቅ ሰው ዕዳ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወጣት ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ሲል "ዋስ አምጣ" ይባላል። አጎቱ ወይም የአባቱ የሥራ ባልደረባ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማስረጃ አጽፎ ይመጣና ይፈርምለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎትየው ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም? ከኪሱ አምስት ሳንቲም አልወጣም። ክፈል ያለው የለም፤ ምናልባት እስከ ዕለተ ሞቱም የሚለው አይኖርም። ማታ ግን ሚስቱ "ምን አስፈረሙህ?" ስትለው ነገሩን በቀልድ ማለፍ ያቅተዋል። ልጁ ካዝና ቢያጎድል የሚንኳኳው የእነሱ በር መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

ሪያድና ዱባይ ሠርተው የኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህንኑ ነገር ከሌላ ወገን ያውቁታል። ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ የማይለወጥበት የነበረው "ከፊል" የሚባለው ሰው፣ የዓረብኛ ስሙ ሲተረጎም ዋስ ማለት ነው። ዋስ የተባለው ጌታ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ወግ ይወጣዋል።

ገና ያልመጣውን፣ ይምጣ አይምጣም የማይታወቀውን ዕዳ የሒሳብ ሙያም በደንብ ያውቀዋል። በትልልቅ ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ፣ ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች አልቀው ማብራሪያዎቹ በደቃቅ ፊደል በሚደረደሩበት በመጨረሻው ክፍል፣ የራሱ ቦታ አለው። በአማርኛ ተንጠልጣይ ዕዳ ቢባል ያስኬዳል፤ ወደፊት ሊሆንም ላይሆንም በሚችል ነገር ላይ ተንጠልጥሏልና። በቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ዘንድ ይህ ክፍል በየዓመቱ ይረዝማል። የግል መረጃ ክስ፣ የፓተንት ክስ፣ የግብር ክርክር፣ የውድድር ሕግ ምርመራ፣ በሕፃናት ላይ ደረሰ የሚባል ጉዳት፤ ሁሉም እዚያ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንባቢው ጥቂት ነው። የሚያነቡት ጠበቆች፣ የአክሲዮን ተንታኞችና ሌላ ክስ ሊመሠርቱ ያሰቡ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ እንደዚህ ገጽ ራቁቱን የሚወጣበት ቦታ ጥቂት ነው፦ ማንም ያላስከፈለው ዕዳ፣ ዕዳ ነውን?

ደንቡ የተጻፈው በ1975 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ የፈረንጆች ናቸው)። የአሜሪካ የሒሳብ ደረጃዎች ቦርድ በዚያ ዓመት ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ የተከሰሰ ኩባንያ ጉዳዩን ከሦስት መሳቢያዎች በአንዱ ያስገባል። ኪሳራው መምጣቱ አይቀርም የሚያሰኝ ከሆነና መጠኑም ሊገመት ከቻለ፣ ገንዘቡ ገና ሳይከፈል ዛሬውኑ ከትርፉ ተቀንሶ በዕዳነት ይመዘገባል። ሊመጣም ላይመጣም የሚችል ከሆነ በማብራሪያው ይነገራል እንጂ ከዋናው ቁጥር አይገባም። የመምጣት ዕድሉ እጅግ የጠበበ ከሆነ ግን በአብዛኛው ምንም አይባልም። እንግሊዝኛው ለዚህ ለሦስተኛው መሳቢያ የሰጠው ስም ቃል በቃል ሲመለስ "ሩቅ" ማለት ነው።

በመጠኑም ላይ ቢሆን ነገሩ የሚመስለውን ያህል ቀጥ ያለ አይደለም። ኪሳራው ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊዮን ይሆናል ተብሎ ቢገመትና በመካከሉ ካሉት ቁጥሮች ይኼኛው ይሻላል የሚባል ባይኖር፣ የአሜሪካው ደንብ ትንሹን፣ አንድ ሚሊዮኑን መዝግብ ይላል። ዓለም አቀፉ ደንብ፣ ኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. ባወጣችው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ የተቀበለችው፣ መካከለኛውን ሁለት ሚሊዮን ይላል። አንዱን ጥፋት፣ አንዱን ክስ፣ አንዱን ጠበቃ ይዞ ውቅያኖስ የተሻገረ ኩባንያ ዕዳው በእጥፍ ይጨምርበታል ማለት ነው። ሁለቱንም ደንቦች የጻፏቸው አዋቂዎች ናቸው፤ ማንም አላጭበረበረም። ብቻ፣ ቁጥሩ የሚነግረው የተበዳዩን ጉዳት ሳይሆን የመዝጋቢውን ልማድ መሆኑ እዚህ ላይ ይታያል።

ደንቡ ሲሠራ ለማየት አንድ የታወቀ ጉዳይ ይበቃል። ፌስቡክ በኤፕሪል 24 ቀን 2019 የሩብ ዓመት ሒሳቡን ሲያወጣ ሦስት ቢሊዮን ዶላር ለብቻው ማስቀመጡን ተናገረ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በተጠቃሚዎች የግል መረጃ አያያዝ ላይ ምርመራ ያካሂድ ነበር። ኩባንያው ኪሳራውን ከሦስት እስከ አምስት ቢሊዮን ገመተ፤ እንደ ደንቡም ወለሉን መዘገበ። በጁላይ ስምምነቱ ሲታወጅ ቅጣቱ ጣሪያው ላይ፣ አምስት ቢሊዮን ላይ አረፈ። ሦስቱ ቢሊዮን በተነገረ ማግስት የኩባንያው አክሲዮን ምን ሆነ? ወጣ። የሩብ ዓመቱ ገቢ ከተጠበቀው መብለጡ እንደረዳው እርግጥ ነው። ግን ሌላም ነገር አለ። ባለአክሲዮን የሚፈራው ቅጣትን ሳይሆን ልኩ ያልታወቀ ቅጣትን ነው። ዕዳ ቁጥር ሲያገኝ እንደ ኪራይና እንደ መብራት ወጪ ይሆንና ሰው እንቅልፍ ይተኛል።

በዚያው ኩባንያ ላይ የተነሣ ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ እሱ ኢትዮጵያውያን ጋ ይደርሳል። በኦክቶበር 2021፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰሞን፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ የትግራይ ተወላጅ የሆኑ ፕሮፌሰር ስምና ፎቶግራፍ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ጽሑፎቹ ፕሮፌሰሩን በሐሰት የሚወነጅሉና ለጥቃት የሚያጋልጡ ነበሩ። ቤተሰቡ ይነሣልን ብሎ ለኩባንያው አመለከተ። በኖቬምበር 3 ፕሮፌሰሩ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው በኋላ ባቀረበው ክስ እንዳመለከተው፣ ከጽሑፎቹ አንዱ ደንብ የሚጥስ በመሆኑ ይነሣል የሚለው የኩባንያው መልስ የመጣው አባቱ ከሞቱ ከስምንት ቀን በኋላ ነው።

በዲሴምበር 2022 ልጁ፣ አንድ የሰብአዊ መብት ባለሙያና አንድ የኬንያ ተሟጋች ድርጅት ናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ናይሮቢ የሆነው ለምሥራቅና ለደቡብ አፍሪካ አገሮች የሚለጠፈውን የሚያጣሩት ሠራተኞች በዚያን ጊዜ እዚያ ይሠሩ ስለነበር ነው። ክሱ ለተጎጂዎች የሚውል 200 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ፣ በጊዜው ምንዛሪ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሆነ ገንዘብ እንዲቋቋም ይጠይቃል። በቂ አጣሪ ይቀጠር ይላል፤ ሰው የሚያስገድል ጽሑፍ ወደ ላይ እየተገፋ በብዙ ሰው ስልክ ላይ እንዳይወጣ አልጎሪዝሙ ይስተካከል ይላል። ስሙን ሜታ ብሎ የለወጠው ኩባንያ በበኩሉ የጥላቻ ንግግርና ቅስቀሳ በደንቦቹ የተከለከሉ መሆናቸውን፣ ለዚህም ብዙ ገንዘብ ማፍሰሱን፣ ኢትዮጵያን የሚያውቁ ሠራተኞች እንዳሉት ተናገረ። ለፍርድ ቤቱ ደግሞ ኬንያ ውስጥ ያልተመዘገብኩ በመሆኔ ልትዳኙኝ አትችሉም አለ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ የወሰነው በኤፕሪል 3 ቀን 2025 ነው። ከሁለት ዓመት በላይ የፈጀው ክርክር ማን አጠፋ፣ ማን ይክፈል የሚል አልነበረም። የት ነው የሚጠየቀው የሚል ነበር።

ሜታ በ2024 ያገኘው ገቢ 164.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከሳሾቹ የጠየቁት 1.6 ቢሊዮን የዚያ ኩባንያ የአራት ቀን ገቢ አይሞላም። እንግዲህ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ክስ ይዞ ከሦስቱ መሳቢያዎች ፊት ሲቆም ምን ብሎ ነው ራሱን የሚጠይቀው? "ይህ ሰው የሞተው በእኛ ምክንያት ነው?" ብሎ አይጠይቅም። ደንቡ እንዲህ ብለህ ጠይቅ አላለውም። የሚጠይቀው "እንድንከፍል እንገደዳለን?" ብሎ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የሚመሳሰሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን መልሳቸው የሚወሰነው በተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው በተደረገው ነገር ይወሰናል። ሁለተኛው በከሳሹ ጉልበት፣ በጠበቃው ብርታት፣ በአገሩ ሕግ፣ ፍርዱ ከተፈረደ በኋላም በሚያስፈጽመው ክንድ ይወሰናል።

ለዚህ ነው "ሩቅ" የሚለው ስም ሳይታሰብበት ብዙ ነገር የሚናገረው። የሩቅ ሰው ክስ ሩቅ ነው። ቴክሳስ በ2024 ከዚሁ ኩባንያ ጋር ስለ ነዋሪዎቿ የፊት ገጽታ መረጃ ስትስማማ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ተወሰነላት። የአየርላንድ ተቆጣጣሪ በ2023 ስለ አውሮፓውያን መረጃ ወደ አሜሪካ መተላለፍ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣ። እነዚህ ሰዎች መብታቸው መከበሩ ደግ ነው፤ ማንም አይቀናባቸውም። ግን የቴክሳስ ሰው ፊት በምስል ተለክቶ መቀመጡ ቁጥር አግኝቶ፣ የባሕር ዳሩ ሰው መገደል የት ይዳኝ በሚል ክርክር ብቻ ከሁለት ዓመት በላይ ሲቆይ፣ ከጉዳቱ ክብደት የመጣ ልዩነት ነው የሚል ሰው አይገኝም። ቴክሳስ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ አላት፣ ጥርስ ያለው ሕግ አላት፣ ኩባንያው ሊሸሽበት የማይችል ገበያ አላት። የልዩነቱ ምክንያት ይኸው ነው። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" ይባላል፤ መዝገቡን የሚይዘው ግን የተወጋው አይደለም።

በዚህ ላይ መዝገቡ ዝም እንዲል የሚያስገድደው ነገር አለ። ኦዲተሩ እውነቱን ማወቅ ይፈልጋል፤ ለኩባንያው ጠበቃ "ይህን ክስ የምትሸነፉት ይመስልሃል?" ብሎ ይጽፋል። ጠበቃው እውነቱን ከጻፈ ወረቀቱ አንድ ቀን በተቃራኒው ወገን እጅ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ ከሳሹ "ራሳቸው አምነዋል" ይላል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበርና ኦዲተሮች በ1975 መጨረሻና በ1976 መጀመሪያ ላይ በዚህ ተነጋግረው አንድ መግባቢያ ላይ ደረሱ፤ ፍሬ ነገሩ ጠበቃው ውጤቱ ጥርት ካላለ በቀር አስተያየት ከመስጠት እንዲቆጠብ የሚፈቅድ ነው። የሒሳብ ደረጃዎች ቦርዱ ከ2008 ጀምሮ ኩባንያዎች ስለ ክሶቻቸው ይበልጥ እንዲናገሩ ለማድረግ ሞክሮ ነበር። ተቃውሞው በረታበትና በ2012 ከዕቅዱ ሰረዘው። ስለዚህ "መጠኑን መገመት አልተቻለም" የሚለውን የማብራሪያ ገጽ ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ሰው፣ ከኋላው አንዳንዴ እውነተኛ አለማወቅ፣ አንዳንዴም በጥንቃቄ የተጠበቀ ዝምታ እንዳለ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ሒሳብ ሠራተኛውን መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። እሱ ቢናገር እንዲህ ይል ይሆናል፦ መዝገቡ የተጻፈው ገንዘቡን ላኖረ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሊያውቅ የሚገባው ከካዝናው ምን ሊወጣ እንደሚችል ነው። የሞራል ዕዳ ሁሉ ይመዝገብ ከተባለ መዝገቡ የንስሐ ደብተር ይሆናል፤ የንስሐ ደብተር ደግሞ ኦዲት አይደረግም። እያንዳንዱ ከሳሽ የጠራው ቁጥር በዕዳነት ቢሰፍር ኩባንያዎች ሁሉ በወረቀት ላይ ይከስራሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጥፋቱ ያለው መዝገቡን ከሚጽፈው ሰው ይልቅ መዝገቡን እንደ ኅሊና በሚያነበው ሰው ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛውን መሳቢያ ከፍቶ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው "ዕዳ የለብንም" ብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ሒሳቡ ያላለውን አስብሎታል።

ከዚህ የከበደው መከራከሪያ ሌላኛው ነው። ሰው በስልክ ደውሎ ሰው ቢያስገድል ቴሌ ይጠየቃል ወይ? ደብዳቤ ቢጽፍ ፖስታ ቤቱ ወንጀለኛ ነው ወይ? አሜሪካ በ1996 ያወጣችው ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሌሎች ሰዎች የለጠፉትን ነገር የመድረኩ ባለቤት እንዳሳተመው አይቆጠርም ይላል። ይህን ሕግ የሚደግፉ ሰዎች ሁሉ የኩባንያ አሽከሮች አይደሉም። መድረኩ በተለጠፈው ሁሉ የሚጠየቅ ቢሆን መጀመሪያ የሚጠፋው የትንንሾቹ ድምፅ ነው። አገር ቤት ሊታተም የማይችለውን ከውጭ የሚያትሙ የአማርኛ ድረ ገጾች፣ የስደተኛው የመወያያ ገጾች፣ ባለሥልጣን የሚያጋልጡ ጽሑፎች፤ ኩባንያው ከመጠየቅ መደምሰስ ይቀለኛል ቢል ማን ይከለክለዋል? ይህን ፍርሃት አቃልሎ ማለፍ አይገባም።

ነገር ግን ስልክ አይመርጥም። ፖስታ ቤት ደብዳቤውን ከፍቶ፣ ይኼኛው ሰውን ያስቆጣል፣ ስለዚህ አሥር ሺህ ቅጂ አባዝቼ ላልተጻፈላቸው ሰዎች ላድል አይልም። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በኦክቶበር 2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ያስረዳችው ይህንኑ ነው። ሰው ብዙ ምላሽ የሚሰጥበትን ነገር ወደ ላይ የሚያወጣው አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭት እያራገበ ነው አለች። ቀኑ ኦክቶበር 5 ነበር፤ ፕሮፌሰሩ የተገደሉት ወር ሳይሞላ ነው። እንዲህ ከሆነ የሚጠየቀው የጽሑፉ ባለቤትነት አይደለም፤ የማባዛቱ ሥራ ነው። ማባዛቱ ደግሞ የኩባንያው የራሱ ሥራ፣ ገቢም የሚያገኝበት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚናገረው አለው። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ጸሐፊዎቹ ስለ ኮምፒዩተር አላሰቡም። ስለ ከብት ግን አስበዋል። ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ባደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይገመት ቢሆንም። በሬው ሲወጋ ባለቤቱ አልወጋም። ሆኖም በሬውን የሚያርስበት፣ የሚሸጠው፣ ወተቱንና ጥጃውን ከመንጋው የሚያገኘው እሱ ስለሆነ ቀንዱም የእሱ ነው። ቁጥር 2102 ደግሞ የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ባይቻል ዳኛው በርትዕ ይወስናል ይላል። የሒሳብ ደንቡ "መገመት ካልተቻለ አትመዝግብ" በሚልበት ቦታ የፍትሐ ብሔር ሕጉ "መገመት ካልተቻለም ፍረድ" ይላል። እርግጥ አንዱ ለባለአክሲዮን፣ ሌላው ለዳኛ የተጻፈ ነው። ቢሆንም ያልታወቀ መጠን ለአንዱ ዝም የማለት ምክንያት፣ ለሌላው የመናገር ግዴታ መሆኑ ያስገርማል። የአገር ቤቱን ሕግ ከልክ በላይ እንዳናሞግስ ደግሞ ቁጥር 2116 አለ። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። ለአባት ሞት ኅዘን፣ አንድ ሺህ ብር። ዋጋ ማውጣት ባሕር ማዶም አገር ቤትም ያው ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊልያምስ በ1976 ስለ ሞራል ዕድል ሲጽፍ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ያነሣል። ሹፌሩ አላጠፋም፤ ሕፃን ግን ገጨ። ሁሉም ሰው "አንተ ምን አደረግህ?" እያለ ያጽናናዋል፣ ማጽናናቱም ተገቢ ነው። ሆኖም ሹፌሩ ቶሎ ተጽናንቶ እንደ ማንኛውም ተመልካች "ያሳዝናል" ብሎ ቢሄድ የሚሰቀጥጠን ነገር አለ፤ እጁ ነበረበትና። ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከኬምብሪጅ እስኪመጣለት የሚጠብቀው አይደለም። ሰው የገጨ ሹፌር ፖሊስ ነፃ ቢለውም ዘመዶቹ ሽማግሌ ይዘው ለቅሶ ቤት ይሄዳሉ። ካሳ ይነገራል፣ እርቅ ይወርዳል። በቀድሞው ዘመን ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ መውደቅ ነበረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱም "ፍርድ ቤት ሊያስከፍልህ የሚችልበት ዕድል ምን ያህል ነው?" ብሎ አይጠይቅም። የሚጠየቀው ደሙ በማን እጅ ፈሰሰ የሚለው ነው። ዕዳው አለ ተብሎ ነው የሚጀመረው፤ መጠኑ በኋላ በሽምግልና ይወጣል። ሽምግልናው ደካማውን ተጭኖ ዝም የሚያሰኝበት ጊዜ መኖሩም አይካድም፤ በተለይ ሟች ሴት ወይም ድኻ ሲሆን። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው።

ኩባንያ ድንጋይ መሸከም አይችልም፤ ትከሻ የለውም። ከደጅ ሊወድቅ የሚችል አንድ ሰው ፈልጎ ማግኘትም ያስቸግራል፤ ውሳኔው በኮሚቴ፣ በኮድና በበጀት ተከፋፍሎ ይጠፋል። ስለዚህ ከኩባንያ የሚጠበቀው ነገር ከጉዳቱ በኋላ ያለው ጸጸት ሳይሆን ከጉዳቱ በፊት ያለው ወጪ ነው። በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል ገብቶ ሥራ የጀመረ ኩባንያ ያን ቋንቋ የሚያነቡ በቂ አጣሪዎች መቅጠር አለበት። አቤቱታ ሲመጣ በስምንት ቀን ሳይሆን በስምንት ሰዓት የሚያይ ሰው ማስቀመጥ አለበት። ይህ ደግሞ በምንም "ቢሆን" ላይ የተንጠለጠለ ዕዳ አይደለም። ክስ ይምጣ አይምጣ፣ ፍርድ ቤቱ ናይሮቢ ይሁን ካሊፎርኒያ፣ ዛሬ የሚከፈል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በ2011 ያጸደቀው የንግድ ሥራ መርሖም ኩባንያ መብትን የማክበር ኃላፊነት ያለበት፣ አገሩ መንግሥት የራሱን ግዴታ ለመወጣት ቢችልም ባይችልም እንደሆነ ይናገራል። መርሖው አስገዳጅ ሕግ ስላልሆነ ጠበቃ ብዙ አይጨነቅበትም። ኩባንያው በኖቬምበር 2018 ማይንማርን በሚመለከት፣ መድረኩ ለግጭት መቀስቀሻ እንዳይውል በቂ ሥራ አለመሥራቱን ራሱ ተቀብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ "እንዲህ ይሆናል ብለን አላሰብንም" የሚለው ቃል ለኢትዮጵያ አይሠራም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማሰብ ጊዜ ነበረ።

አንድ የማይመች ነገር ይቀራል። ማሽኑ አባዛው እንጂ አልጻፈውም። በጦርነቱ ዓመታት የሰው ስምና ፎቶግራፍ "ይህን ሰው እወቁት" እየተባለ ሲዞር፣ በየወገኑ ካሉት አጋሪዎች ብዙዎቹ ከግጭቱ ቦታ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነበሩ። ዋሽንግተን ከሥራ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ የተጫነች አንዲት አውራ ጣት፣ ፍራንክፈርት እራት ላይ የተላከ "እውነት ነው ወይ?" የሚል ጥያቄ የተለጠፈበት ፎቶ። ከእነዚህ ሰዎች ማንም የሒሳብ መዝገብ የለውም፤ ማንም ኦዲተር አይጽፍላቸውም። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ሳያውቁት እንደ አጎትየው ፈርመዋል። ልዩነቱ አጎትየው የሚዋስለትን ልጅ ያውቀዋል፣ ማታም ሚስቱ ትጠይቀዋለች። ያጋራው ሰው ግን ሰውየው ይሙት ይኑር ሳያጣራ፣ የለጠፈውንም በማግስቱ ረስቶ ይተኛል። የአንድ አጋሪ ድርሻ ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ ድርሻ ጋር አይወዳደርም፤ ኩባንያውን ለማዳን ሲባል ጥፋቱን ለሁሉም እኩል ማከፋፈልም ሌላ ዓይነት ማምለጫ ነው። ሆኖም ኩባንያውን "ሩቅ ሆነህ ገደልከን" የሚል ሰው ራሱ ከሩቅ ሆኖ ምን እንዳደረገ ቢጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ናይሮቢ ያለው ክስ ስለ ገንዘቡ ብዙ ተወርቷል። ልጁ ከጠየቃቸው ነገሮች መካከል ግን አንዱ ገንዘብ አይደለም፦ ኩባንያው ስለ አባቱ ሞት በይፋ ይቅርታ እንዲጠይቅ ይፈልጋል። ይቅርታ ከካዝና ምንም አያወጣም፤ ስለዚህ በወለልም በጣሪያም፣ በመካከለኛም ቁጥር አይገመትም፣ ከሦስቱ መሳቢያዎች በአንዱም አይገባም። ጠበቆች ለደንበኞቻቸው ከሁሉ በፊት እንዳትናገሩት ብለው የሚመክሩት ግን እሱን ነው።